እንግዶችና ድንቁ መንደር፦ ከአርዲቦ ዳር የፍቅር ትረካ ታሪክ

በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ውይይት ስለ ፍቅር ድርሰት በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚነሣው መቃብር ነው። ወዳጆቹ ይለያያሉ፤ አንዱ በሽፍታ፣ ሌላው በበሽታ፣ ሌላዋም በወላጆች እልክ ታልፋለች፤ የቀረው ይመነኩሳል። ይህ አጨራረስ የቁም ነገር ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፣ ሳቅ የሚሰማበት፣ ድንቅ ነገር የሚታይበት፣ ሁለት እንግዶች በማያውቁት መንደር ተገናኝተው፣ መንደሩም ተቀብሏቸው ጎጆ የሚወጡበት ድርሰት እንደ ልጆች ጨዋታ ወይም ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ቅንጦት ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት ከታሪክ አኳያ መመርመር ነው። እንደምናየውም እንዲህ ያለው ትረካ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በሥነ ቃላችን፣ በጋብቻ ሥርዓታችንና በአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ላይ ቀድሞ ይገኛል። ቀልድ ቢኖርበትም የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ጥያቄውም «መንደሩ እንግዳውን ምን አደረገው?» የሚል ነው።

ለዚህ ምርመራ መነሻ ይሆን ዘንድ ደቡብ ወሎን፣ በተለይም የአርዲቦንና የሐይቅን አካባቢ መርጠናል።

ሁለቱ ሐይቆች

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ከከተማዋ አጠገብ ስሟን የሰጣት ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል። ከእርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለ ስፍራ፣ በተራሮች ታቅፎ የሚገኘው ደግሞ አርዲቦ ነው፤ አንዳንዶችም ሐርዲቦ ይሉታል። የአርዲቦ ውሃ ሞልቶ ሲፈስ አንከርካ በተባለው ወንዝ አድርጎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ታችኛው ሐይቅ ግን ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ላይኛው ይልካል፤ ታችኛው ተቀብሎ ያኖራል። የዚህ አገር ሰው ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ ብዙ ቢያወራ የሚያስገርም አይሆንም።

ስለ ታችኛው ሐይቅ አፈጣጠር የሚተረከው አፈ ታሪክ በአካባቢው የታወቀ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት። እግዚአብሔርም በግፉ ተቆጥቶ በሴትዮዋ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ወደ ውሃ ለወጠው፤ ልዕልቲቱም ከወዳጅ ዘመዶቿ ጋር ሰጠመች። የተገፋችው ሴት የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም ቀርቶ ደሴት ሆነ። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት ታላቁ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው፤ ደሴቱ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ገዳሙ የወንዶች ገዳም ስለ ሆነ ሴት አትገባበትም። ነገር ግን አፈ ታሪኩ የቆመበትን መሬት ያተረፈችው ሴት ናት ይላል።

ይህን ትረካ ከሌላው ዓለም ጋር ስናነጻጽረው ትርጉሙ ይበልጥ ይጎላል። ሮማዊው ባለ ቅኔ ኦቪድ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ ስለ ፊሌሞንና ስለ ባውኪስ ይተርካል። ጁፒተርና መርኩሪ የሰው መልክ ይዘው፣ መንገደኛ መስለው ማደሪያ ሲለምኑ ሺህ ቤት በሩን ዘጋባቸው። የተቀበሏቸው እነዚያ ሁለት ድሆች ብቻ ነበሩ። አማልክቱም አገሩን በውሃ አጠፉት፤ የድሆቹ ጎጆ ግን ቤተ መቅደስ ሆነ፤ ባልና ሚስቱም ዕድሜያቸው ሲደርስ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ዛፎች ሆኑ።

በሁለቱም ተረቶች ውስጥ ውሃው የፍርድ መሣሪያ ነው፤ ከውሃው የተረፈውም ቦታ የጸሎት ቤት ይሆናል። ልዩነታቸው ግን ከተመሳሳይነታቸው ይልቅ ያስተምራል። በሮማዊው ተረት የሚድነው አስተናጋጁ ነው፤ በሐይቁ ተረት የምትድነው ራሷ የተገፋችው ናት። ለእርሷ በሩን የከፈተ ቤት በትረካው ውስጥ አይገኝም። በሌላ አነጋገር፣ ሐይቁ ደግ ቤት በታጣበት ቀን የተፈጠረ ነው። ደስ የሚለው የእንግዶች ፍቅር ትረካ የሚጀምረው ደግሞ ይህ አፈ ታሪክ ካቆመበት ነው። «ያን ቀን አንድ በር ቢከፈትስ ኖሮ?» ብሎ ይጀምራል።

ባዳና ዘመድ

ደግ መንደር የምኞት ፍጥረት ብቻ ነውን? ለዚህ መልስ ለማግኘት የጋብቻንና የእንግዳ አቀባበልን ሥርዓት መመልከት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በሚኖረው ክርስቲያን ሕዝብ ዘንድ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በዚያ ክልል ውስጥ መጋባት ነውር ነው። ይህ ሕግ ሳይታሰብ አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። በአንድ መንደር ውስጥ አብዛኛው ሰው የሥጋ ዘመድ በመሆኑ፣ ለጋብቻ የሚፈለግ ሰው ከወንዝ ማዶ መምጣት ግድ ሆኗል። ስለዚህ ሙሽራይቱ በባሏ መንደር እንግዳ ናት። ሚዜዎቹ ያጅቧታል፤ አማቶቿ ይቀበሏታል፤ አዲስ ስም የሚያወጡላትም አሉ። የውሃውን መንገድ፣ የጎረቤቱን ጠባይ፣ የቤቱን ወግ ከመጀመሪያው መማር አለባት። እንግዲህ «ባዳ ወደ ማያውቀው መንደር ገብቶ ፍቅርን ያገኛል» የሚለው የተረት አካሄድ ለዚህ ሕዝብ የየዓመቱ የሰርግ ወራት ታሪክ ነው።

ለመንገደኛም የተሰናዳ ወግ ነበር። የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ መሆኑን ሲናገር፣ ስሙና ሃይማኖቱ ከመጠየቁ በፊት እግሩ ይታጠባል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። በወሎም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ በየራሱ ቃል ሲመርቅ መኖሩ፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥም የሁለቱ ሃይማኖት ስሞች ተቀላቅለው መገኘታቸው የታወቀ ነው። ፈጽሞ ባዳ የሆነውን ሰው ልጅ ለማድረግ ሲፈለግ ደግሞ የጡት ልጅነት ሥርዓት አለ። በጣት ወይም በጡት ላይ ማር ይቀባል፤ እንግዳው ያንን ይልሳል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአባትና የልጅ መሐላ ያስራቸዋል። አንድ ጠብታ ማር ባዳን ዘመድ ታደርጋለች። ተረት ከዚህ የበለጠ ምን አስማት ሊፈጥር ይችላል?

አራቱ ቅኝቶች

የወሎ ምድር በዘፈን ታሪካችን ውስጥ ያለው ስፍራ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ማስረጃ ይሰጠናል። የባህላዊ ዜማችን መሠረት ናቸው የሚባሉት አራት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ ሁለቱ በቀጥታ የወሎን ቦታዎች ስም ይዘዋል። አምባሰል ከሐይቅ በስተ ሰሜን የሚታየው ተራራማ አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው መውረጃ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ሰኞ በሰኞ የአፋሩ ግመለኛ፣ የኦሮሞው ባለ ከብት፣ የአርጎባው ሸማኔና የደጋው ባለ እህል የሚገናኙባት ናት።

ስሞቹን ጎን ለጎን አድርገን እንመልከታቸው። አንዱ ተራራ ነው፤ አንዱ ገበያ ነው፤ አንዱ ሴትን በቀጥታ የሚጠራ የናፍቆት ቃል ነው፤ አንዱ ከመለያየት በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። ከተራራ የወረደ ሰው በገበያ ያልጠበቃትን ያያል፤ «አንቺ ሆዬ» ብሎ ይጠራል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትዝታ ይዞ ይገባል። የስሞቹ አወጣጥ በአንድ ሰው ሐሳብ የተቀነባበረ አይደለም፤ ለየብቻ የተሰየሙ ናቸው። ሆኖም አንድ ሕዝብ ዜማዎቹን የሰየመባቸው አራት ቃላት ሲደመሩ የእንግዶች ፍቅር ሙሉ ንድፍ ሆነው መገኘታቸው ለመድረክ ለሚጽፍ ሰው ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው። በተለይም ከአራቱ አንዱ ገበያ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በገበያ ሁሉም እንግዳ ነው፤ ባለቤት የለም፤ ዓይን ለዓይን መተያየትም ነውር አይሆንም። የገበያ ቀን እንግዶች ያለ ሽማግሌ የሚተያዩባት የሳምንቱ አንዲት ቀን ነበረች።

በነገራችን ላይ፣ ሐይቁ ራሱ እንግዳ ተቀብሏል። ዛሬ በሐይቅ ዳር የሚጠበሰው ቆሮሶ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ ነው። ተዋልዶ በዝቶ አሁን የአገሩ ተወላጅ ተብሎ ይበላል።

የማይታዩት ጎረቤቶች

ስለ ድንቅ ነገር ሲነሣ የዛርን ትረካ ማለፍ አይቻልም። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ያማሩትን ዐሥራ አምስቱን ለዓይን ሰስታ ደበቀቻቸው። እርሱም ይህን ዐውቆ የተደበቁት እንደ ተደበቁ ይቅሩ አለ። ከዚያ ወዲህ የማይታዩት ያማሩት፣ ከሚታዩት ወንድም እኅቶቻቸው ጋር በአንድ ምድር ይኖራሉ፤ አንዳንዴም ይወዷቸዋል፤ የወደዱት ሰው ፈረሳቸው ይባላል።

በዚህ እምነት ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የአቀባበሉ ነገር ነው። ዛር በመጣ ጊዜ ሁልጊዜ አይባረርም። ስሙና አገሩ ይጠየቃል፤ ቡና ይፈላለታል፤ ዕጣን ይጨስለታል፤ ከበሮ ይመታለታል፤ የሚሻው ልብስና ጌጥ ይሰጠዋል። ዛሮቹም በልብስ ምርጫ ረገድ እጅግ አስቸጋሪዎች ናቸው። ባጭሩ፣ የማይታየው ፍጡር እንኳ እንደ ክፉ መንፈስ ሳይሆን እንደ ጠባየ ብዙ እንግዳ ይስተናገዳል። ጭንቀትም ሳቅም በአንድ ጣራ ሥር ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ድንቅን ማመን ሁልጊዜ በር ይከፍታል ማለት አይደለም። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ፣ ማድጋውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ሸማውን የሚሠራው ሸማኔ በዚያው መንደር ዳር እየኖሩ «ቡዳ» ተብለው ተገልለዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለዋል፤ ከነርሱ ጋር መጋባትም እንደ ጥፋት ታይቷል። ከሩቅ የመጣው እግሩ ሲታጠብ፣ ከቅርብ ያለው በዓይኑ ይፈራ ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸው የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል። ስለዚህ ድንቅ መንደርን የሚጽፍ ደራሲ ይህን ማሰብ አለበት። የመንደሩ ደግነት የሚመዘነው ከሩቅ በመጣ መልከ መልካም መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ በመንደሩ ጫፍ ወናፉን በሚነፋው ሰውም ነው።

ጦቢያ

ወደ ጽሑፍ ሥነ ጽሑፋችን ስንመጣ መነሻው ላይ የምናገኘው ይኸንኑ ትረካ ነው። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። ርእሱ ራሱ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዘመኑና አገሩ በውል አልተሰየመም። የክርስቲያኖቹ ጦር በአረመኔዎቹ ይሸነፋል፤ የጦር አለቃውም ተማርኮ ባርነት ላይ ይወድቃል። አንድ የማያውቀው ቸር ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋህድ ውለታውን ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ልትፈልግ ትነሣለች።

ከዚህ በኋላ ትረካው ፈገግታን ይዞ ይሄዳል። እንግዶቹ በአረመኔው ንጉሥ ግቢ ይገባሉ፤ ይስተናገዳሉ። ከንጉሡ ቤተ ዘመድ የሆነች ወጣት፣ ወንድ መስላት በጦቢያ ፍቅር ትያዛለች። ምሥጢሩ ሲገለጥ ደግሞ ንጉሡ ራሱ በጦቢያ ውበት ይማረካል። በመጨረሻም ንጉሡ ሃይማኖቷን ተቀብሎ ያገባታል፤ ዋህድም ተገኝቶ ጎጆ ይወጣል። ከጦርነት የተነሣው ታሪክ በሰርግ ያልቃል።

ይህን አጨራረስ በዘመኑ መስተዋት ማየት ይጠቅማል። መጽሐፉ ከመታተሙ 30 ዓመት በፊት፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ከደሴ አቅራቢያ ባለው በቦሩ ሜዳ ዓፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ወስነው ነበር። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉት ያን ጊዜ ነው። እኒሁ ሚካኤል በኋላ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በቦሩ ሜዳ ሃይማኖት በአዋጅ ተለወጠ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ደምም ፈሰሰ። በ«ጦቢያ» ግን ኃይል ያለው ንጉሥ ነው የሚለወጠው፤ የሚለውጠውም ፍቅር ነው። ደራሲው ቦሩ ሜዳን አስበው ጻፉ አንልም። ልብ ወለዱ ግን ታሪክ በጉልበት የፈጸመውን በፈቃድ አድርጎ ያልማል። በዚያው ልክ ጉድለቱም ይታያል፤ መተሳሰሩ የሚጸናው አንዱ ወገን ሌላውን ሲሆን ብቻ ነውና። በወሎ ቡና ዙሪያ የተቀመጡት ጎረቤቶች ግን ማንም የራሱን ሳይተው መዋደድ እንደሚቻል ከልብ ወለዱ በፊት ያውቁ ነበር።

ከዕንባ ወደ ሳቅ

ከ«ጦቢያ» በኋላ የመጡት ድርሰቶች ብዙዎቹ ወደ ምክርና ወደ ሐዘን አዘነበሉ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚህ መንገድ ታላቅ ፍሬ ነው። በዛብህም እንግዳ ነው፤ ከማንኩሳ ተነሥቶ በባላባት ቤት አስተማሪ ሆኖ ገባ። ቤቱ ግን መምህርነቱን እንጂ ሰውነቱን አልተቀበለም። ሰብለ ወንጌልም የዘር ቆጠራን ዋጋ ከፈለች። ይህ መጽሐፍ የሐይቁን አፈ ታሪክ በሌላ መልክ ይደግመዋል፤ በር የዘጋ ቤት ራሱ ይፈርሳል።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን መንግሥቱ ለማ ሌላውን መንገድ በመድረክ አሳይተዋል። «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ተውኔታቸው ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ወጣት የከተማን ኑሮ ትቶ ገጠር ገብቶ ትምህርት ቤት ይከፍታል፤ የቤቱን ሠራተኛም ይወዳል። ከአዲስ አበባ የመጡት አክስቱ ጋብቻውን ለማፍረስ ይታገላሉ። አዳራሹ ይስቃል፤ የሚስቀውም በራሱ የዘር ትምክሕት ላይ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባቶችን ጨዋታ እየሰበሰቡ ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሳቅ ከዕንባ ባላነሰ ሁኔታ ፍርድ መስጠት እንደሚችል ያውቁ ነበር። ተመልካች በሐዘን ተውኔት ወዳጆቹን ያዝንላቸዋል፤ በኮሜዲ ግን የእርሱን ቤት በር እንዲከፍት ይጠየቃል። የኋለኛው ይከብዳል።

ሲከብድም የታየበት ጊዜ ነበር። በ1965 እና በ1966፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በወሎ ላይ ሲወርድ እንግዳ ተቀባዩ ራሱ እንግዳ ሆነ። ማረሻውን የሸጠ ገበሬ ከመኪና መንገድ ዳር ቁጭ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ስም፣ ብዙዎችም በግዳጅ፣ ከወሎ ተነሥተው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ ሌሎች አገሮች ተወሰዱ። ቋንቋውን በማያውቁት ሰው ደጅ «ቤቶች» ያሉ የወሎ ሰዎች ጥቂቶች አልነበሩም፤ በዚያም ጎጆ የወጡ፣ ልጅ የሳሙ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት እስከ ደቡብ ወሎ ደርሶ ሐይቅና አካባቢውን ሲያናውጥ፣ ብዙ ሰው ዳግመኛ የሰው ደጅ አንኳኳ። ስለዚህ በዚህ ምድር ስለ ደግ መንደር መተረክ የጠገበ ሰው ቅዠት ነው ሊባል አይችልም። በር ማንኳኳትንም መክፈትንም የሚያውቅ ሕዝብ ትረካ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አንድ ነጥብ አለ። በእንግዶች ፍቅር ትረካ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንዱም ሴቲቱም አይደሉም፤ መንደሩ ነው። ወዳጆቹ በመጀመሪያው ገጽ ይዋደዳሉ፤ የቀሩት ገጾች የመንደሩ ፈተና ናቸው። አስማት የተባለውም ነገር ሲገለጥ አንድ ጠብታ ማር፣ አንድ ስኒ ቡና፣ የእግር ውሃ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያልተገነዘበ ደራሲ የሚበር ምንጣፍ ቢጨምርበት ድርሰቱ አይበርም።

እንግዲህ ለወጣት ደራስያንና ተውኔት ጸሐፊዎች የሚቀርበው ጥሪ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአርዲቦና በሐይቅ ዙሪያ፣ በአምባሰል መንደሮችና በባቲ ገበያ ያሉ አረጋውያን የሚያውቁትን የእንግዳ፣ የሙሽራና የዛር ጨዋታ ከነተራኪው ስምና አነጋገር መሰብሰብ ነው፤ ይህ ሥራ የሚጠብቅ ጊዜ የለውም፤ ተራኪዎቹ በየዓመቱ ያንሳሉና። ሁለተኛው፣ የተሰበሰበውን ይዞ ሳቅ ያለበትን የፍቅር ድርሰት ያለ ሐፍረት መጻፍ ነው። ሲጽፉም በመንደሩ ጫፍ ያለውን የአንጥረኛውን ቤት አይርሱ። ሁለቱ እንግዶች በሰርጋቸው ዕለት ወደዚያም ቤት ተጠርተው ቢገቡ፣ ያ መንደር በእውነት ድንቅ መንደር ይሆናል።